ሥራው ወርዷል፤ ውሳኔው ላይ ቀርቷል

(በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ ትልቅ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ለሱፐርቫይዘሮች፣ ለፈረቃ ኃላፊዎችና ለክፍል ሥራ አስኪያጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ እንቅልፋችሁን ትታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ ምስጋናዬ ለእናንተ ይብሳል። ጊዜያችሁን እንዳልሻማ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

በትልልቅ ድርጅቶቻችን ሥራ ከላይ ወደ ታች ለመውረድ አይቸገርም። ዕቅድ ይወርዳል፣ ታርጌት ይወርዳል፣ ወቀሳም ይወርዳል። የማይወርደው ውሳኔ ነው። ትንሽ የምትባለው ውሳኔ እንኳ ወደ ላይ ወጥታ የአንድ ሰው ጆሮ አጠገብ ተሰልፋ ተራዋን ትጠብቃለች። ሱፐርቫይዘሮችን ስለ መግባባትና ኃላፊነት ስለ ማካፈል እናሠልጥን ሲባል፣ ለእኔ የሥልጠናው ዋና ዓላማ ይህን ሰልፍ ማሳጠር ነው። አነጋገር ማሳመር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከአንዱ ላይን (የስፌት መስመር) ዳር ቁሙና ሱፐርቫይዘሯን ብቻ ተመልከቱ። አንዷ ኦፕሬተር መርፌ ተሰብሮባት እጇን አንስታለች። ሌላዋ ሆዷን አሟት ክሊኒክ ለመሄድ ፈቃድ ትጠብቃለች። ሄልፐሩ ከስቶር የመጣው ክር ቀለሙ የተለየ መስሎት ልቀበል ወይስ ልመልስ ይላል። ኳሊቲ የተበላሹ ኮሌታዎችን መልሷል፤ ማን ፈትቶ ይስፋቸው? መካኒኩ ሁለት ማሽን ቆሞበታል፤ የትኛውን ያስቀድም? በዚህ መሃል ከፕላኒንግ ስልክ ይደወላል። ስድስቱም የሚጠብቁት እሷን ነው። እሷም ትሮጣለች፤ ከላይኑ ሁሉ አብዝታ የምትሮጠው እሷ ናት። ሲመሽ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ እግሯ አብጧል፣ ታርጌቱም አልሞላም።

ከእነዚህ ስድስት ጉዳዮች የእሷን ዳኝነት በእውነት የሚፈልገው ምናልባት አንዱ ነው፦ የክሩ ቀለም። ሼዱ፣ ማለትም የቀለሙ ድምቀት፣ ከተሳሳተ የተሰፋው ሁሉ ይመለሳልና እሷ ራሷ አይታ፣ ከናሙናው ጋር አስተያይታ መወሰን አለባት። የቀሩት አምስቱ ሌላ ሰው ሊወስናቸው የሚችል ናቸው፤ ሰውየው እንዲወስን ከተፈቀደለትና መፍቀዱ ለሁሉም ከተነገረ።

ወደዚህ እንዴት እንደ ተደረሰ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እጇ ፈጣን የሆነች፣ ከሥራ የማትቀር፣ የማትጨቃጨቅ ኦፕሬተር ትመረጥና ሰኞ ጠዋት ሱፐርቫይዘር ነሽ ትባላለች። እስከ ቅዳሜ የምትመዘነው በራሷ እጅ ሥራ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ የምትመዘነው ከሠላሳ በሚበልጡ ሰዎች እጅ ነው። በመካከል ያለውን መንገድ ማንም አላሳያትም። ስለዚህ የምታውቀውን ታደርጋለች፤ ሥራ ሲከብድ ኦፕሬተሯን አስነስታ ራሷ ትሰፋለች። ለዚያች ሰዓት ይረዳል። ኦፕሬተሯ ግን አልተማረችም፣ ላይኑም ያለ መሪ ቆይቷል።

አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚሁ ችግር ጋር በሰፊው ተጋፍጠዋል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ወደ ጦር ግንባር ሄደ፤ ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ በብዛት ገቡ። እነዚህን ማን ያስተምር? መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1940 ትሬኒንግ ዊዝኢን ኢንዱስትሪ የሚባል አገልግሎት አቋቋመ። ፊቱን ወደ አዲሶቹ ሠራተኞች ከማዞር ይልቅ ወደ ቅርብ አለቆቻቸው አዞረ። ሦስቱ ዋና ኮርሶች ሥራን ስለ ማስተማር፣ የሥራ ዘዴን ስለ ማሻሻልና ከሠራተኛ ጋር ስለ መግባባት ነበሩ። እያንዳንዱ ኮርስ በጠቅላላው አሥር ሰዓት ነበር፤ በሁለት በሁለት ሰዓት ለአምስት ጊዜ ይሰጣል። ሠልጣኙ ከራሱ ፋብሪካ እውነተኛ ሥራ ወይም እውነተኛ ጠብ ይዞ መጥቶ በጓደኞቹ ፊት ይሠራበታል። አገልግሎቱ እስከተዘጋበት እስከ 1945 ድረስ ከ16,000 በላይ በሆኑ ፋብሪካዎች ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የምስክር ወረቀት ወስደዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ይህ ሥልጠና ጃፓን ገባ፤ ቶዮታም ተቀብሎ የራሱ አደረገው። ዛሬ ካይዘን (አሠራርን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ ማሻሻል) ብለን ከምንጠራው ልማድ ሥሮች አንዱ ይህ ነው። ጃፓኖች የመንግሥታቸው የልማት ትብብር ድርጅት በሆነው በጃይካ በኩል በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሚገኙ 30 ድርጅቶች ከሞከሩት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ መሬት ላይ የተቀባው መስመር፣ የመሣሪያ መስቀያው፣ የየሰዓቱ ምርት የሚጻፍበት ሰሌዳ። እኔ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። በገባሁባቸው ብዙ ፋብሪካዎች ሰሌዳውና ቀለሙ ቀድሞ ገብቷል፤ ሱፐርቫይዘሩ ሰውን እንዴት እንደሚያስተምርና እንዴት እንደሚያምን የሚያሳየው ክፍል ግን ደጅ ቀርቷል። በቶዮታ ማምረቻ መስመር ላይ ያለ ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመድ ይስባል፤ የቡድን መሪው ወዲያው ይመጣል፤ ችግሩ በተመደበለት ጊዜ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። መስመር የማስቆምን ያህል ከባድ ውሳኔ የሚጀምረው ከተራው ሠራተኛ እጅ ነው። ሰሌዳ ከዚያ ጋር ሲሆን ነው ትርጉም ያለው።

አሁን ወደ መግባባት ልምጣ። ብዙ የማየው ነገር ይህ ነው። ሱፐርቫይዘሯ ለአዲሷ ልጅ ስፌቱን በፍጥነት ታሳያታለች፣ ከዚያ «ገባሽ?» ትላታለች። ልጅቱ «አዎ» ትላለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሥራው ተበላሽቶ ይገኛል፣ «ገብቶኛል ብለሽ የለም ወይ!» ተብሎ ይጮኽባታል።

ልጅቱ ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር? ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቂሊንጦ ወይም ቱሉ ዲምቱ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታለች፤ ይህን ሥራ ማጣት አትፈልግም። በላይኑ ሁሉ ፊት አልገባኝም ማለት ደደብ መባልን መጥራት መስሎ ይታያታል። ደግሞም ታላቅን ማስደገም ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። ስለዚህ ጥያቄው ራሱ አንድ መልስ ብቻ የሚቀበል ነው። «በደንብ ማሳየቴን ልወቅ፤ እስኪ አንዴ ሠርተሽ አሳዪኝ» በሏት። ፈተናው ከልጅቱ ወደ አስተማሪዋ ዞረ ማለት ነው። ብትሳሳት የማሳየቱ ጉድለት ይሆናል፤ እንደገና ማሳየት ነው። የአሜሪካኖቹ ሥልጠና አራት እርምጃ የሚለውም ከዚህ ጋር አንድ ነው፦ ልጅቱን አረጋጊያት፣ ሥራውን አሳይተሽ አስረጂያት፣ እየሠራች እንድታስረዳሽ አድርጊ፣ ለብቻዋ ስትሠራ ደግሞ እየተመላለስሽ እያት። ከአራቱ የምንዘልላቸው ሦስተኛውንና አራተኛውን ነው፤ ትምህርቱ የሚያዘው ግን እዚያ ላይ ነው።

ቋንቋም አለ። ፋብሪካችን ውስጥ አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው የሆነ ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ በቤታቸው አፋን ኦሮሞ፣ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሀዲይኛ የሚናገሩ። በአንዳንድ ፋብሪካ ደግሞ ትእዛዙ ከባሕር ማዶ ሰው በአስተርጓሚ ተነሥቶ፣ በእንግሊዝኛ በኩል አማርኛ ሆኖ፣ ከዚያ በጎረቤት ኦፕሬተር ሹክሹክታ ወደ ልጅቱ ቋንቋ ይደርሳል። በየመተላለፊያው አንድ ነገር ይንጠባጠባል። ለዚህ ከቃል ይልቅ ጨርቅ ይረዳል። ትክክለኛውን ስፌትና በዚያ ላይን ላይ ተደጋግሞ የሚበላሸውን ስፌት ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ስቀሉ። ልጅቱ የራሷን ይዛ ሄዳ ታስተያያለች። ቋንቋውን የምታውቅ የቆየች ኦፕሬተር ካለች ደግሞ አዲሶቹን የመቀበል ኃላፊነት በይፋ ለእሷ ይሰጣት፤ በሹክሹክታ ስትሠራው የኖረችው ሥራ ስም ያግኝ።

ዕድሜና ማዕረግ ሲጋጩስ? ገና ሠላሳ ያልሞላት ሱፐርቫይዘር አባቷን የሚያክል መካኒክ በሥሯ አላት። ብትቆጣው ባለጌ ትባላለች፤ ዝም ብትለው ማሽኑ እንደ ቆመ ይውላል። በዚህ የተነሣ ብዙዎቹ ሁለቱንም ትተው ወደ ኃላፊው ይከሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው ሰላም የለም። እኔ የምመክረው ክብሩን ሳይነኩ ኃላፊነቱን ለእሱ መስጠት ነው። «ጋሼ፣ ሁለቱም ቆመዋል። የትኛዋን ቢያስቀድሙልን ይሻላል? እስከ ስንት ሰዓት ትደርሳለች ብለን እንጠብቅ?» እሱ ይመርጣል፣ ሰዓቱንም ራሱ ይቆርጣል። በቆረጠው ሰዓት ሄዳ ብትጠይቀው ድፍረት አይሆንም፤ ቃሉን ነው የምትጠይቀው። የቆየውን አክብሮታችንን እንደ እንቅፋት የሚያዩ አሠልጣኞች አሉ። አልስማማም። ጋሼ ማለት የሥራ ሰዓት አያባክንም፤ የሚያባክነው ከአክብሮቱ በኋላ ጥያቄውን ሳይጨርሱ መሄድ ነው።

ስለ ቁጣ ብዙ አልልም። ስሕተትን ከማሽኑ ራቅ አድርጋችሁ ለብቻ ተናገሩ። ምስጋናን እዚያው ላይኑ ላይ፣ ሰው እየሰማ።

ብዙ ልናገርበት የምፈልገው ወደ ላይ ስለሚወጣ ቃል ነው። በስፌት ፋብሪካ መርፌ ሲሰበር የተሰበረው ስብርባሪ በሙሉ ተለቅሞ፣ ተገጣጥሞ፣ በመዝገብ ላይ ተለጥፎ ነው አዲስ መርፌ የሚሰጠው። አንድ ቁራጭ ከጠፋ በአካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ ይፈተሻል፤ ሕፃን የሚለብሰው ልብስ ውስጥ ብረት ቀርቶ መሄድ የለበትም። ሕጉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አሁን መርፌ የሰበረችው ልጅ ባለፈው ሳምንት ጓደኛዋ በመርፌ ምክንያት ስትሰደብ ሰምታለች እንበል። ቁራጩን ትፈልጋለች፣ ታጣዋለች፣ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ ከዚህ ግቢ ወጥቶ፣ ጂቡቲ ወደብ ደርሶ፣ መርከብ ተሳፍሮ ይሄዳል። መጥፎ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው የምትቀበሉበት ፊት ነው ቀጣዩ ሰው ይምጣ ወይስ ይደብቅ የሚለውን የሚወስነው። «ስለ ነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ፤ ነይ አብረን እንፈልግ» የምትል ሱፐርቫይዘር ያለችበት ላይን መዝገቡ ላይ ብዙ የተሰበረ መርፌ ይታያል። ሥራ አስኪያጆች ሆይ፣ ያን መዝገብ አይታችሁ እሷን አትውቀሱ። ጭራሽ ምንም መርፌ ያልተሰበረበትን ላይን ሄዳችሁ መርምሩ።

ቃል ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ሲሻገር የሚጠፋበት ሁኔታ ደግሞ አለ። ለዚህ ዓለም የሚያስታውሰው ከባድ ምሳሌ ፓይፐር አልፋ ነው፤ ከስኮትላንድ ወዲያ በሰሜን ባሕር ላይ የቆመ የነዳጅና የጋዝ ማውጫ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1988 ከሁለቱ ፓምፖች የአንደኛው የደኅንነት ቫልቭ ለጥገና ተነሥቶ፣ ቀዳዳው ለጊዜው በብረት ክዳን ተሸፍኖ ነበር። ሥራው ፈረቃው እስኪያልቅ አልተጠናቀቀም። ፓምፑ እንዳይነሣ የሚለው የፈቃድ ወረቀት ተጽፎ ተቀመጠ፤ ወጪውና ገቢው ፈረቃ ግን ስለዚህ ቫልቭ በአፍ ተነጋግረው አልተረካከቡም። ማታ ሁለተኛው ፓምፕ ቆመ። የሌሊቱ ሰዎች ያንን ወረቀት አላዩትም፤ የመጀመሪያውን ፓምፕ አስነሡ። ጋዙ በክዳኑ በኩል ሾልኮ ወጣ፣ ፈነዳ፣ እሳቱ ማውጫውን በላው። 167 ሰዎች ሞቱ። ሎርድ ከለን የመሩት የመንግሥት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1990 106 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ፤ የሥራ ፈቃድና የፈረቃ ርክክብ ሥርዓት ከተመረመሩት ዋና ጉዳዮች መካከል ነበሩ።

እኛ ጋዝ አናወጣም። ቦይለር ግን አለን፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አለን፣ የጨርቅ መቁረጫ አለን። ርክክባችን ደግሞ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ወጪው ፈረቃ ወደ ኮዬ ፈጬ የሚሄደው ሰርቪስ እንዳያመልጠው ይሮጣል፤ ገቢው ፈረቃ ገና ካርድ እየመታ ነው። ሁለቱ ሱፐርቫይዘሮች በር ላይ ይተላለፋሉ፤ «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው»። በቃ። ይህን በሥልጠና ብቻ ማስተካከል አይቻልም። አሥር ደቂቃ ሁለቱ ፈረቃዎች የሚደራረቡበት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ያ አሥር ደቂቃ የሚከፈልበት መሆን አለበት፤ የሰርቪሱም መነሻ ከዚያ ጋር መስተካከል አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ሱፐርቫይዘሩን «ማሽኑ አጠገብ ቆመህ፣ የቆመውን እያሳየህ፣ ያልተጨረሰውን እየነገርክ አስረክብ፤ ተረካቢውም መልሶ ይንገርህ» ማለት የሚቻለው።

ኃላፊነትን ወደ ማካፈሉ ልለፍ። ሱፐርቫይዘሮችን ለምን አታካፍሉም ብዬ ስጠይቅ በብዛት የማገኘው መልስ «የሚታመን ሰው የለም» የሚል ነው። እዚሁ ላይኑ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች መካከል የእቁብ ሰብሳቢ አለች። ገንዘብ ትይዛለች፣ ዕጣ ታወጣለች፣ የዘገየውን ታስከፍላለች፣ የተጣሉትን ታስታርቃለች። የሰፈሯ እድር ጸሐፊ የሆነች አለች፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ዕቃውን ማን እንደሚያወጣ በቃሏ ታውቃለች። ይህች ሴት የፋብሪካውን በር ስታልፍ የክር ሳጥን ቁልፍ የማይታመንላት ሰው የምትሆነው በምን ምክንያት ነው? ሰው አለ። ያላየነው፣ በሌላ ቦታ የሚሠራበትን ችሎታ እዚህ እንዲያወጣ ያልጠየቅነው ሰው ነው።

ስታካፍሉ ግን «ይህን አንቺ ያዢው» ብሎ መሄድ ማካፈል አይደለም፤ መጣል ነው። ኮሌታ ፈትቶ የማሰፋቱን ጉዳይ ለአንዲት የቆየች ኦፕሬተር ልትሰጡ ነው እንበል። ምን እንደምትወስን ንገሯት፦ የተመለሰውን ማን እንደሚፈታው አንቺ ትመድቢያለሽ። እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ንገሯት፦ በአንድ ሰዓት ከአምስት በላይ ከተመለሰ ወይም ጉድለቱ አዲስ ዓይነት ከሆነ ለእኔ ትነግሪኛለሽ። በምን እንደምትሠራ ስጧት፦ ከራሷ ታርጌት ላይ ለዚህ የሚሆን ጊዜ ይቀነስላት፤ ይህ ካልሆነ ቅጣት ነው የሰጣችኋት። መቼ እንደምታዩት ንገሯት፦ ከምሳ በፊትና ከመውጫ በፊት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህን ሌሎቹ ባሉበት ተናገሩት። ሌላው ሠራተኛ ያልሰማው ሥልጣን ሥልጣን አይሆንም፤ «አንቺ ማነሽ?» ትባላለች፣ ያልፈጸመችው ጥፋትም በእሷ ላይ ይቆጠራል።

አንዴ ከሰጣችሁ በኋላ የምትፈተኑት በመጀመሪያው ስሕተት ነው። ብዙ ሰው ያን ቀን ሥልጣኑን ይነጥቅና «አላልኩም?» ይላል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ላይን ላይ አደራ ለመቀበል የሚደፍር አይገኝም። ስሕተቷን አብራችሁ እዩ፣ ገደቡን አጥብቡ ወይም አስፉ፤ ኃላፊነቱ ግን ከእሷ ጋር ይቆይ። በላይ ላሉት ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ፤ «እሷ ናት ያበላሸችው» ብላችሁ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አትግቡ። ደግሞም አንድ ሰው ላይ ብቻ አትመኩ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል፤ እሷ በወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ሥራውን የምታውቅ ሁለተኛ ትኑር።

የማይካፈልም አለ። በዲሲፕሊን፣ በደመወዝና በትርፍ ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘር ራሷ እንኳ ውሱን ናት፤ ይህንንም ብዙዎቻችሁ በትክክል አልተነገራችሁም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የሚፈቀደውም በአዋጁ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው፣ እንደ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራ፣ ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ መተካት። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራው በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ላይ በአንድ ተኩል፣ የሌሊቱ በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀኑ በሁለት፣ የበዓሉ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። እንግዲህ አሥር ሰዓት ላይ «ዛሬ ሁላችሁም ታመሻላችሁ» ብሎ የሚጮኽ ሱፐርቫይዘር ይህን ሳያውቅ ነው የሚጮኸው። መልእክቱን ከላይ ተቀብሎ ነው፤ ቁጣውን ግን የሚሸከመው እሱ ነው።

«ነገ እንዳትመጪ!» የሚለውም እንዲሁ ነው። አዋጁ የሥራ መሪ የሚላቸው መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድና ማሰናበት የሚችሉትን ነው፤ የላይን ሱፐርቫይዘር በአብዛኛው ከእነዚህ ውስጥ አይደለችም። እሷም ራሷ በዚሁ አዋጅ የምትጠበቅ ሠራተኛ ናት። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የሌላትን ሥልጣን እያነሣች ታስፈራራለች፣ ያላትን ሥልጣን ግን አትሠራበትም። የታመመችን ልጅ ክሊኒክ መላክ ትችላለች። ሁለት ኦፕሬተሮችን ቦታ ማቀያየር ትችላለች። አንድ ማሽን ለአምስት ደቂቃ አስቁማ ማስተማር ትችላለች። ማንም በግልጽ ይህ የአንቺ ነው ስላላላት ሁሉንም ወደ ላይ ትጠይቃለች፣ ወደ ታች ደግሞ ታስፈራራለች።

ይህን ግልጽ ማድረግ የማን ሥራ ነው? ፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁት የክፍል ሥራ አስኪያጆች፣ የእናንተ ነው። ለሱፐርቫይዘሮች የሚሰጥ ሥልጠና የሚከሽፍበትን ምክንያት ብጠየቅ አስቀድሜ የማነሣው ከእነሱ በላይ ያለውን ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሠልጥኖ ይመለሳል፤ በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ላይኑ ላይ መጥቶ እሱን አልፎ በቀጥታ ኦፕሬተሯን ያዝዛል። ወይም የሱፐርቫይዘሩን ውሳኔ በሠራተኛው ፊት ይሽራል። የአዳራሹ ትምህርት በዚያ ቅጽበት ያበቃል። አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ከእያንዳንዱ ሱፐርቫይዘር ጋር ተቀምጣችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ፦ እነዚህን ሳትጠይቀኝ ትወስናለህ፣ እነዚህን ወስነህ ትነግረኛለህ፣ እነዚህን አስቀድመህ ትጠይቀኛለህ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሦስተኛው ረድፍ ከሁሉም የረዘመ ሆኖ ከተገኘ ገጹ ገና አላለቀም።

ሥልጠናውንም ቢሾፍቱ ሆቴል ይዛችኋቸው ሄዳችሁ በሁለት ቀን ከምትጨርሱት፣ ያው ገንዘብ እዚሁ ቢውል እመርጣለሁ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት፣ በቁጥር ከአሥር የማይበልጡ ሰዎች። አንዷ ከላይኗ ያመጣችውን ጉዳይ ታቀርባለች፣ ጓደኛዋ ኦፕሬተሯን ሆና ትጫወታለች፣ ሌሎቹ ያያሉ። ከዚያ አሠልጣኙ በሳምንቱ ውስጥ ላይኑ ላይ ሄዶ በሥራ ላይ ያያታል። ሆቴሉ ዕረፍት ይሰጣል፤ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል፣ እሱን በሌላ ስም ስጧቸው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በአገራችን በአምስት ድርጅቶች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራ ካገኙት አመልካቾች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀዋል። ደመወዙም፣ የሥራው ክብደትም፣ የጤናውም ጉዳይ አለበት፤ ይህን ሁሉ ሱፐርቫይዘር ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ነገር ግን ልጅቱ በዚያ የመጀመሪያ ወር ከድርጅቱ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዋና ሥራ አስኪያጁን አታውቀውም፣ ባለሀብቱን አታውቀውም። ከእሷ ጋር ድርጅቱን ሆና የምትነጋገረው ሱፐርቫይዘሯ ናት።

ከንግግሩ በኋላ ከኋላ ወንበር አንዲት ሱፐርቫይዘር ያነሣችው ጥያቄ መልስ ይገባዋልና እዚህ ልጻፈው። «ኃላፊነት አካፍሉ ትላላችሁ፤ የምናካፍላቸው ልጆች ደመወዛቸው ያው ነው። እኔ ራሴ ሱፐርቫይዘር ስሆን የተጨመረልኝ ትንሽ ነው። በምን አፌ ነው ይህን ጨምሪ የምላት?» አለች። እውነቷን ነው። ለአንድ ወር ለልምምድ የተሰጠ አደራ ያለ ጭማሪ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ የሚሠራ፣ ስም ያለው፣ የሌላ ሰው ጥፋት የሚያስጠይቅ ኃላፊነት ሲሆን ግን በሥራ መደቡና በክፍያው ላይ መታየት አለበት፤ አለዚያ ሰውን በአክብሮት ስም መበዝበዝ ነው። ይህ በሱፐርቫይዘሯ መልካም ፈቃድ የሚፈታ አይደለም፤ ቦታው የኅብረት ስምምነቱ ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበርና የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሁለቱም አዳራሹ ውስጥ ስለ ነበሩ ጥያቄዋን እንድትደግምላቸው ጠየቅኋት። ደገመችላቸው። የላይን ረዳት የሚባል መደብ ከነክፍያው በሚቀጥለው ድርድር ላይ እንዲቀርብ ሊቀመንበሩ በደብተራቸው ጻፉት፤ የሰው ኃይል ኃላፊዋም ከዚያ በፊት የየላይኑን ሥራ ዝርዝር አዘጋጅታ ልትሰጣቸው ተስማማች።